ዱልዱም መርፌ

መርፌ ሲሾል ነው ደግ። ልብስ ሰፊውም ነርሷም በዚህ አይለያዩም። እኔ ግን ከአራት ዓመት በላይ የደከምኩት መርፌ በማዶልዶም ነው። የተመዘገብኩበት ትምህርት በወረቀት ላይ ስሙ ረዥም ነው፤ ኤሌክትሮኒክስንና ባዮኢንጂነሪንግን ያጣመረ የዶክትሬት ምርምር ይባላል። እናቴ ከባሕር ዳር ስትደውል «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ትለኛለች። «መርፌ» እላታለሁ። ዶክተር ለመሆን የሄደ ሰው መርፌ ሲወጋ እንጂ መርፌ ሲሠራ ሰምታ ስለማታውቅ ለአፍታ ዝም ትላለች።

«ስንት ሠራሽ?»

«ሠላሳ።»

«ስንቱ ደኅና ወጣ?»

«አራቱ።»

«ሌላውንስ?»

«ጣልኩት፣ እማዬ።»

እናቴ ፈታይ ናት። ክሩ ሲበጠስባት ጫፍና ጫፉን አገናኝታ፣ በምራቋ አርጥባ ታጠማዝዘዋለች እንጂ ጥላ አታውቅም። በአንድ ቀን ሃያ ስድስት መርፌ የሚጥል ሰው ቁም ነገር ላይ ይደርሳል ብላ ለማመን የተቸገረች ይመስለኛል። ደግ የወጡት አራቱም ቢሆኑ ለአንድ አንድ ጊዜ አገልግለው ማታውኑ እንደሚጣሉ አልነገርኳትም።

መርፌው ፒፔት ይባላል፤ የሚሠራውም ከመስታወት ነው። ከእስክሪብቶ ቀሰም የቀጠነ፣ ጣት የሚያህል ቱቦ ነው፤ ወደ አንደኛው ጫፉ ሲቃረብ በድንገት ይሰልልና ይጠፋል። ይጠፋል ማለቴ ለማሳመር አይደለም። የመጨረሻውን ክፍል ዓይን አያየውም። የጫፉ ቀዳዳ ስፋት አንድ ወይም ሁለት ማይክሮ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጸጉር ደግሞ ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል። የዚህች ቀዳዳ ከንፈር በሕይወት ባለ አንድ ሕዋስ ሽፋን ላይ ይገጠማል። ሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም በነሱ በኩል ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ዓይን ያየውን ለአንጎል የሚያደርሰው በነዚህ በሮች መከፈትና መዘጋት ነው። የእኔ መርፌ ሥራ ከነዚያ በሮች አንዷን ለይቶ ማዳመጥ ነው። አንዲት በር ተከፍታ ለሦስት ሚሊ ሰከንድ ሁለት ፒኮ አምፒር ብታሳልፍ፣ ያለፉት አዮኖች 37 ሺህ ገደማ ናቸው። ፒኮ አምፒር የአምፒር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው።

የሚወጋ መርፌም ነበረ፣ አሁንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ቺካጎ ውስጥ ሊንግና ጄራርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ጫፉ ከግማሽ ማይክሮ ሜትር ያነሰ የመስታወት መርፌ ሠርተው የጡንቻ ሕዋስ ውስጥ አስገብተዋል። ሹሉ መርፌ ሕዋሱን በስቶ ገብቶ የውስጡን ቮልቴጅ ይለካል። እሱ የሚሰማው የገበያውን ሁሉ ጫጫታ ነው። አንዷ ሻጭ ከአንዱ ገዢ ጋር ምን እንደተነጋገረች ለመስማት ግን ጆሮን እጉሊቷ አጠገብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ የማይበሳ፣ ከንፈሩ ለስላሳ የሆነ መርፌ ይሻል። (ማዶልዶሙ ለሕዋስ ነው እንጂ ለሰው ጣት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «ይኼማ ዱልዱም ነው» ብዬ ጫፉን ነካ ሳደርገው ደሜ ጠብ አለ።)

ሥራውን ያስተማሩኝ ፕሮፌሰሩ አይደሉም። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ናቸው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው የሚፈልጉ ሴት። ያን ጊዜ እኔ ሰርኪዩት የምሠራ፣ በቀመር የምታመን ኢንጂነር ነበርኩ። መስታወት መሳብ ለእኔ የዝግጅት ሥራ ነበር፤ ቶሎ አልፌው ወደ «ምርምሩ» የምገባበት።

መሳቢያው ቁመት ያለው መሣሪያ ነው። ቱቦዋ ላይና ታች ትያዛለች፤ መሐሏን የኒክሮም ሽቦ ጥቅልል ይከባታል። ሽቦው ሲግል መስታወቱ ይለሰልሳል፤ የታችኛው መያዣ በክብደቱ ይወርዳል፤ ቱቦዋም እንደ ማር ትለጠጣለች። ይህ የመጀመሪያው ስበት ነው። ሲያበቃ መሐል ላይ ከሰባት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ 200 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሆነ ወገብ ይወጣል። ቀጥሎ የሽቦው ጥቅልል ከዚያ ወገብ መካከል ትክ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ሙቀቱ ይቀነሳል። ሁለተኛው ስበት ወገቡን ይበጥሰውና ሁለት መንትያ ፒፔቶች ይወለዳሉ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው የሥራው ሁሉ ምሥጢር። ሲበዛ መስታወቱ ይሞላቀቃል፤ አንገቱ ይረዝማል፣ ቀዳዳው ከሚፈለገው በላይ ይጠብባል። ሲያንስ ቶሎ ይበጠስና ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ትክክለኛው ቁጥር የትም አልተጻፈም፤ ቢጻፍም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም ሽቦው ያረጃል፤ ትናንት የሠራው ሙቀት ዛሬ ሌላ ነው። ሴትዮዋ ጠዋት ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሁለት ፒፔት ይስቡና ጫፋቸውን አይተው የሙቀት ማስተካከያውን በጸጉር ስፋት ያህል ያዞሩታል። ጥሩ ቀን ስለመሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን አሽከርክራ ስትለቀው፣ ልጅ ሆኜ ክሩን የሚያቀጥነው የእንዝርቱ ፍጥነት ይመስለኝ ነበር። እኔም ወስጄ አሽከረከርኩት፤ ክሬ አንድ ቦታ እንደ ገመድ ወፍሮ፣ ሌላ ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ተበጠሰ። እናቴ ሳቀችና «ቀኝሽን ተይው፤ ግራሽን እዪው» አለችኝ። ክሩ ድር ይሁን ማግ የሚወስነው ባዘቶውን የያዙት ሁለት ጣቶች ምን ያህል እንደሚለቁ ነበር። መስታወቱም እንዲሁ ነው። ክብደቱ የታወቀ ነው፤ ሁልጊዜም ያው ነው። ቅጥነቱን የሚሰጠው ሙቀቱ መስታወቱን የሚለቅበት መጠን ነው።

ጥሩ ፒፔት ትከሻ አለው። ቱቦው እስከ ትከሻው በሙሉ ውፍረቱ ይመጣና በአጭሩ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጫፉ ነው። እንዲህ ሲሆን በውስጡ ያለው ጨዋማ ፈሳሽ ኤሌክትሪክን እንደልብ ያሳልፋል፤ አንገተ ረዥሙ ግን በጠባብ መተላለፊያው ያንቀዋል። ለዓይን ከሆነ አንገተ ረዥሙ ነው የሚያምረው፤ እንደ ሽመላ አንገት ቀጭን፣ ቅልብጭ ያለ ነው። እኔም መጀመሪያ እሱን ነበር የማስቀምጠው። ሴትዮዋ አንዱን አንስተው በመብራት አዩና «ይኼን ለገና ዛፍ አድርጊው» አሉኝ።

ከመሳቢያው የወጣ ጫፍ ጠርዙ ስለት ነው። የሕዋስ ሽፋን ውፍረት አምስት ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ናኖ ሜትር ደግሞ የማይክሮ ሜትር አንድ ሺኛ። እንዲህ ያለ ስስ ነገር ስለት ላይ ቢያርፍ ይተረተራል። ስለዚህ ጠርዙ በእሳት ይለዝባል። ሰው የመስታወት ሥራን የሚያደንቅ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት አለበት።

ፒፔቱ በማይክሮስኮፕ ሥር ይተኛል። ከጫፉ ፊት ለፊት የፕላቲኒየም ሽቦ አለ፤ በቪ ቅርጽ ታጥፎ፣ ማጠፊያው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል የመስታወት ጠብታ ተለጥፋበታለች። ጠብታዋ ጌጥ መስላኝ ነበር። ለካ ሽቦው ሲግል ከብረቱ የሚተነው ትነት ጫፉ ላይ እየተቀባ ስለሚያበላሸው፣ እሷ ሽቦውን አልብሳ የምታስቀር መጋረጃ ናት። ከጎን በኩል ደግሞ ቀጭን የአየር ጅረት ይነፍስባታል። አየሩ የሚነፍሰው እሳቱን ለማጥፋት አይደለም፤ ሙቀቱ ጠብታዋ አጠገብ ብቻ እንዲሆን፣ ከሷ ትንሽ ራቅ ሲሉ አየሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን ነው። እንዲህ ሲሆን ከንፈሩ ብቻ ይለዝባል፤ ትከሻው ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል። ይህን ያሰበ ሰው ከእሳት ጋር ብዙ የኖረ ሰው መሆን አለበት።

ፒፔቱን ወደ ጠብታዋ ማስጠጋት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ሽቦው ሲግል ይረዝማል፤ ወደ ፒፔቱ ይራመዳል። ቀዝቅዞ ሳለ ልክ የሚመስለው ርቀት ሲግል ግጭት ነው። እጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅና ለእሳቱ የእርምጃ ቦታ መተው አለበት። ከዚያ በእግር ፔዳሉ ይረገጣል፤ ጠብታዋ ትቀላለች። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ። በማይክሮስኮፑ የሚታየው ለውጥ የጫፉ ግድግዳ ጠቆር ማለቱ ብቻ ነው። ጠቆር ሲል እግር ይነሳል። ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ቀዳዳው ይደፈናል።

ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመው በሁለተኛው የማይክሮስኮፕ ዓይን ያዩ ነበር። እኔ ጥቁረቱን አይቼ እግሬን ሳነሳ ሁልጊዜ ዘግይቻለሁ። «አየሽው ማለት አመለጠሽ ማለት ነው» ይሉኛል። ታዲያ በምን ልወቀው? ለዚህ መልስ አልሰጡኝም፤ ሌላ ፒፔት አቀበሉኝ። ስንት መቶ እንደደፈንኩ አላውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እግሬ ከዓይኔ ቀድሞ ተነሳ። ጫፉን ስመለከት ሁለት ጥቁር መስመሮች ተቀራርበው፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ወፈር ብለው፣ እንደ ሕፃን ከንፈር ክብ ሆነው ቆመዋል። ሴትዮዋ አይተው ምንም አላሉም፤ መነጽራቸውን ፍለጋ ሄዱ።

የቀረውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ከጫፉ 50 ማይክሮ ሜትር ገደማ እስኪቀር አንገቱ ሲልጋርድ በተባለ የሲሊኮን ጎማ ይቀባል፤ ፈሳሹ በመስታወቱ ላይ ሽቅብ እንዳይወጣና በቀጭኑ ግድግዳ በኩል የሚገባው የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንዲቀንስ ነው። ቅባቱ ከማለዘቡ ይቀድማል፤ ጫፉ ላይ የደረሰ ስስ ቅሪት ቢኖር እሳቱ ያቃጥለዋል። በውስጡ የሚገባው የብር ሽቦ በረኪና ውስጥ ተነክሮ ይቆያል፤ ጠቁሮ ሲወጣ የብር ክሎራይድ ልብስ ለብሷል። የሚሞላው ፈሳሽ በ0.2 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ያልፋል። ጫፉ ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ የጠዋቱን ድካም ሁሉ ትቀብረዋለች።

ይህ መርፌ የተወለደው ራሱ በአንድ የዶክትሬት ምርምር ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤርቪን ኔኸር የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሙኒክ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሳይካትሪ ተቋም ሉክስ በተባለ ተመራማሪ ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ሥራውን ሲሠራ፣ ከቀንድ አውጣ ነርቭ ሕዋስ ገጽ ላይ ትንሽ ክፍል ብቻ ለይቶ ለመለካት የመስታወት ቧንቧ አፍ አስጠጋበት። የቀንድ አውጣ ነርቭ ትልቅ ስለሆነ ይመቻል። ከሉክስ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ በ1969 ወጣ። እዚያው ሙኒክ የተዋወቀው በርት ዛክማን ሐኪም ነበር፤ ለንደን ተመራማሪው በርናርድ ካትስ ዘንድ ሠርቶ ተመልሷል። አንደኛው ከፊዚክስ፣ ሌላው ከሕክምና መጥተው ጎቲንገን ውስጥ ተገናኙ። የነርቭ ግንኙነቱ የተቋረጠ የእንቁራሪት ጡንቻ ወስደው፣ ገጹን በኢንዛይም አጽድተው፣ ፒፔቱን ገጠሙበት። በ1976 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የታተመው ሥዕል የአንዲት በር መከፈትና መዘጋት ነው፤ ከጫጫታው መካከል ደረጃ ሠርቶ የሚወርድና የሚመለስ መስመር።

ያን ሥዕል ዛሬ የሚያየው ተማሪ መስመሩ ሻካራ ስለሆነ ሊንቀው ይችላል። እኔ ሳየው የማስበው ስለ ከንፈሩ ነው። በዚያን ጊዜ በፒፔቱ ከንፈርና በሽፋኑ መካከል ያለው መግጠሚያ ኤሌክትሪክን የሚያግድበት መጠን (ሬዚስታንሱ) 50 ሜጋ ኦም ገደማ ነበር። ለመብራት ሠራተኛ ይህ የማይታሰብ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ለፒኮ አምፒር ግን ሰፊ ክፍተት ነው። ክፍተቱ የሚያፈስሰው ምልክቱን ብቻ አይደለም፤ በሙቀቱ ብቻ የራሱን ጫጫታ ይፈጥራል። በአንድ ኪሎ ሄርዝ ስፋት ሲሰላ ጫጫታው 0.57 ፒኮ አምፒር ገደማ ይሆናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወዛወዝ ደግሞ ሦስት ፒኮ አምፒር ያልፋል። የምትፈለገው በር ራሷ የምታሳልፈው ይህንኑ ያህል ነው። በሹክሹክታና በዝናብ ድምፅ መካከል የመለየት ያህል ከባድ ነበር፤ እነሱ ለዩት።

መግጠሚያውን ለማጥበቅ ብዙ ደከሙ፤ ተስፋ ለመቁረጥ ተቃርበውም ነበር። በ1980 ፒፔቱ ውስጥ ትንሽ ሲስቡ መግጠሚያው ከመቶ እጥፍ በላይ በድንገት ጠበቀ። አጋጣሚ ነው ብለው ራሳቸው ተናግረዋል። ሁልጊዜ እንዲደገም ያደረገው ግን አጋጣሚ አይደለም፤ ያኔውኑ የተሳበ ፒፔት፣ የተጣራ ፈሳሽ፣ ንጽሕና ነው። አሥር ጊጋ ኦም መግጠሚያ በዚያው ስሌት 0.04 ፒኮ አምፒር ብቻ ይንጫጫል። ሃሚል፣ ማርቲ፣ ኔኸር፣ ዛክማንና ሲግዎርዝ በ1981 ያሳተሙት የአሠራር ጽሑፍ የሙያው ሁሉ መጽሐፍ ሆነ፤ ኔኸርና ዛክማን በ1991 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የ1981ዱን ጽሑፍ ሳነበው የመስታወት ጠብታዋንም፣ የአየሩን ጅረትም፣ የ200 ማይክሮ ሜትሩን ወገብም እዚያ አገኘኋቸው። ትልቅ ግኝት ያገኙ ሰዎች ስለ ሽቦና ስለ ጠብታ እንዲህ በዝርዝር ሲጽፉ ማየት ደስ ይላል። ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ ጥቂት ነው። በእኔ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ ውስጥ ፒፔት የሚለው ቃል ያለበት የአሠራር ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አማካሪዎቼ ማሳጠር ይወዱ ነበር፣ እኔም አልተከራከርኩም። የሴትዮዋ ስም በምስጋናው ገጽ ላይ ነው ያለው።

ገጠማው እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከፒፔቱ ጀርባ የምትነሳ ቀጭን የጎማ ቱቦ መጨረሻዋ የኔ አፍ ነው። አዎ፣ አፍ። ወደ ሕዋሱ ስቃረብ በቀስታ እነፋለሁ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ከጫፉ ፊት ቆሻሻውን ይጠርጋል። ስክሪኑ ላይ አምስት ሚሊ ቮልት እየተሰጠ የሚሮጥ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ፒፔቱ አራት ሜጋ ኦም ከሆነ የምልክቱ ቁመት 1.25 ናኖ አምፒር ነው። ሕዋሱን ሲነካ በነፋሁት ፈሳሽ ገጹ ላይ ጎድጎድ ያለች ምልክት ትታያለች፤ አራት ማዕዘኑም ያጥራል። ያን ጊዜ መንፋት አቆማለሁ። ከዚያ እስባለሁ፤ ትኩስ ቡና ፉት ሲባል ከሚሳበው ያነሰ። ሽፋኑ ወደ ቀዳዳው ገባ ብሎ እንደ ጉልላት ይነፋል፤ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። አራት ማዕዘኑ ያንሳል፣ ያንሳል፣ ከዚያ የለም። መስመሩ ዝርግ ይሆናል። አንዳንዴ ይህ በአንድ ሰከንድ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደቂቃዎች ትንፋሽ ይዞ መጠበቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይሆንም። ሲሆን ግን መግጠሚያው ይጠነክራል፤ ፒፔቱን ወደ ኋላ ብስበው ሽፋኑ ከሕዋሱ ተቆርሶ ከመስታወቱ ጋር ይመጣል እንጂ አይላቀቅም። በሩም ተቆርሶ ከመጣው ቁራሽ ላይ ሆኖ መከፈትና መዘጋቱን ይቀጥላል።

የኤሌክትሮኒክሱ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የመጣሁት ለሱ ነበር። ሲግዎርዝ ከዬል መጥቶ ጎቲንገን ውስጥ ያሻሻለው አምፕሊፋየር ልቡ አንዲት ሬዚስተር ናት፤ 50 ጊጋ ኦም። አንድ ፒኮ አምፒር በሷ ሲያልፍ 50 ሚሊ ቮልት ይሆናል፤ ይኼ ደግሞ ማንም የሚያነበው ቁጥር ነው። ይህች ሬዚስተር በጣት አትነካም። የጣት ቅባትና ላብ በገጿ ላይ ቢቀር ኤሌክትሪኩ በውስጧ መሄዱን ትቶ በላቡ ላይ ይሻገራል፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛው 50 ጊጋ ኦም በአንድ የጣት አሻራ ይጠፋል። ሰርኪዩት ስሠራ ክፍሎችን በእጄ እያገላበጥኩ የማየት ልማድ ነበረኝ። ተውኩት።

ጠረጴዛው በተጨመቀ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ዙሪያው በመዳብ ወንፊት ተከቧል። እኔ አጥር ውስጥ ያለ ሁሉ ጸጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን መስመሬ ላይ የ50 ሄርዝ ማዕበል ይጋልብ ነበር፤ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው። (ባሕር ዳርም ያው 50 ሄርዝ ነው፤ ከቤቴ ጋር የሚያገናኘኝ ይህ ብቻ መሆኑን አስቤ ስቄያለሁ።) የግራውንድ ገመዶቹን ሁሉ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ፎይል ጠቀለልኩ። በመጨረሻ ሁሉንም ነቅዬ አንድ በአንድ ስመልስ ተገኘ፤ የማይክሮስኮፑን መብራት ገመድ ራሴው ነኝ ወደ ወንፊቱ ውስጥ አስገብቼ ከአምፕሊፋየሩ ራስ ጎን ያሰርኩት፤ ሥርዓት ያለው እንዲመስል ብዬ። ገመዱን ወደ ውጭ ሳወጣው መስመሩ ጸጥ አለ።

ይህን ሥራ ለመጎብኘት የሚመጣ ሰው «ታዲያ የሚታየው የት አለ?» ይላል። እውነቱን ነው። የሸማኔው ጥበብ ጥለቱ ላይ ይታያል፤ የአንጥረኛው መስቀል ላይ። እኛ ዘንድ ሥራው ሲያምር የሚታየው ዝርግ መስመር ነው። ከንፈሩ ሲለዝብ፣ ቅባቱ ሲስማማ፣ ብሩ ሲለብስ፣ ገመዱ ሲታሰር ምንም አይሰማም። ያን ጸጥታ አይቶ የሚደነቅ ሌላ የሠራ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በጸጥታው መሐል፣ ማንም ሳይጠራት፣ በሯ ትከፈታለች፤ መስመሩ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ እዚያው ይቆያል፤ ይመለሳል።

አሁን ብዙው በማሽን ይሠራል። አንድ መድኃኒት የልብ ምት ያዛባ እንደሆነ ለመመርመር 384 ሕዋሶችን ባንድ ጊዜ የሚይዙ መሣሪያዎች አሉ፤ በነሱ ውስጥ ፒፔት የለም፤ በቺፕ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች ናቸው። በ2012 ደግሞ በጆርጂያ ቴክ የክሬግ ፎረስት ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ሱሃሳ ኮዳንዳራማያህና ከኤም አይ ቲ እነ ኤድ ቦይደን፣ ሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ ፒፔቱን አውርዶ ሕዋስ የሚገጥም ሮቦት ሠርተው ውጤቱን አሳተሙ። ሮቦቱ የሚያይበት ዓይን የለውም። ፒፔቱ እየወረደ ሳለ የሬዚስታንሱን ጥቂት መጨመር ይቆጥራል፤ ሲጨምር ሕዋስ ነካሁ ብሎ ይቆማል፣ ይስባል። ሴትዮዋ ጽሑፉን ሰጥቻቸው አንብበው «ጥሩ ነው፤ ፒፔቱንስ ማን ሠራለት?» አሉኝ።

አንድ ፒፔት ለአንድ ሕዋስ የሚለው ሕግ ግን ከ1981 ጀምሮ ጸንቶ ቆይቶ ነበር። የነካ መስታወት ቆሽሿል፤ ሁለተኛ አይገጥምም፤ ይጣላል። በ2016 እዚያው ፎረስት ቤተ ሙከራ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የዶክትሬት ተማሪ ሕጉን ለመፈተን የመረጠው ነገር አልኮኖክስ ነበር፤ ቤተ ሙከራዎች ብርጭቆ የሚያጥቡበት የሳሙና ዱቄት። ጫፉን በሱ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ሳብ ለቀቅ አድርጎ፣ ከዚያ አለቅልቆ መልሶ ገጠመው። ገጠመ። እስከ አሥር ጊዜ ድረስ ያው ፒፔት ሳይደክም ሠራ። መታጠቡ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጽሑፉን ያነበብኩ ቀን በሹል ቆሻሻ ማስቀመጫው ቢጫ ሳጥን ውስጥ ስለጣልኳቸው ሺዎች አሰብኩ፤ ስለ እያንዳንዳቸው ከንፈር።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴ ደወለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነገርኳት፤ ከእንግዲህ መርፌዎቹን አንጥልም፣ በሳሙና ይታጠባሉ፣ ዘዴውን አንድ ተማሪ አገኘው፣ ትልቅ መጽሔት ላይ ወጣ።

ትንሽ ዝም አለች።

«እና እስከ ዛሬ» አለችኝ፣ «ሳታጥቡት ነበር የምትጥሉት?»